በላይኛው ኑ

ሶማሊያ ውስጥ አንዲት ጉብታ አለች። ስሟን አናውቅም፤ አናቷ ጎድጎድ ስለሚል እኔና ጓዴ ዓለምነው «ጥርባ» ብለናት ነበር። በአገራችን በአዊ ያለችው ጥርባ ሐይቅ አላት፣ ያቺ ግን ጠብታ ውሃ አልነበራትም። ልጆቼ፣ በቴሌቪዥን የቀጣናው ፖለቲካ በተተነተነ ቁጥር ስለ ጦሩ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ የማውቀው ያቺን ጉብታ ነው።

በሥሯ ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ ያልፋል። ወደቡን አንዱ ኃያል አገር ለመርከቡ፣ ሌላው ለጦር ሰፈሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ እንዳያገኙት ይፈልገዋል ይባል ነበር። እኛ ጉብታዋን ያዙ ተባልን፣ ያዝን። አስራ አንድ ሰው ጉብታዋ ላይ ወጣ፤ የቀረነው ከኋላ ሰፈርን።

የምንዋጋቸው ታጣቂዎች ሬዲዮአችንን ይጠልፉ ነበር፤ አማርኛ የሚሰማም አላጡም። ሻምበላችን መላ ዘየደ። ጉብታዋ ላይ የዳንግላ ገጠር ልጅ አስር አለቃ ዓለምነው፣ ከኋላ የእንጅባራው እኔ፣ ሁለታችን በአዊኛ እንድንነጋገር አደረገ። ለጦር መሣሪያው ሁሉ ቃል ስላላገኘን ከእርሻ ተበደርን፤ ፈንጂው ድንች፣ መኪናው ፈረስ ሆነ። ጓዶቻችን «ገበያው እንዴት ዋለ?» እያሉ ያሾፉብን ነበር።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተኩስ ተከፈተ። «ፈረሶቹ ብዙ ናቸው፤ ከሰማይ ድረሱልን» አለ ዓለምነው።

ሻምበሉ ሄሊኮፕተር ጠየቀ። ሄሊኮፕተሩ የአንዱ አገር ነው፤ ነዳጁን የሚከፍለው ሌላው፣ ከላይ የሚቃኘው ድሮን ደግሞ የሦስተኛው። አንዱ ካልፈቀደ ሌላው አይነሳም። ድሮኑ ዋዜማውን የታጣቂዎቹ መኪኖች ሲሰባሰቡ አይቶ ኖሯል። ባለቤቶቹ ግን በወደቡ ጉዳይ ከባለ ሄሊኮፕተሩ ጋር ተኳርፈው ስለነበር ዝም አሉ። ይህን የሰማነው በኋላ ነው፤ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ረፋዱ ላይ ሻምበሉ መጠበቅ ሰለቸውና «ተነሱ!» አለን። ልንንቀሳቀስ ስንል ዓለምነው ጠራኝ። ድምፁ ደክሟል።

«በታችኛው መንገድ ድንች እየዘሩ ነው። በላይኛው ኑ።»

«ይረዝማል እኮ! እስክንደርስ ትቆያላችሁ?»

«እናንተ በላይኛው ኑ» አለ። ከዚያ ወዲያ ሬዲዮው አልመለሰም።

በላይኛው ሄድን። ከእኛ አንድም ሰው አልወደቀም። ተታኩሰን ጉብታዋን አስለቀቅን። ሄሊኮፕተሩ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ አንዴ ዞረና ተመለሰ። አስራ አንድ አስከሬን ቆጠርን፤ ዓለምነው ሬዲዮውን እንደታቀፈ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ኃያላኑ በወደቡ ተስማሙ ተባለ። እኛም ጉብታዋን ለቃችሁ ውጡ ተባልን።

አገሬ ስገባ እንጅባራ ቤቴ ሳልወርድ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ አለፍኩ። የዓለምነው አባት አቶ ቢተው መደብ ላይ አስቀመጡኝ። ሁሉንም በአዊኛ ነገርኳቸው።

«በእሱ ቃል ስንት ሰው ተረፈ?» አሉኝ።

«ሠላሳ የምንሆን ነን፣ አባቴ።»

«ጎበዝ ልጅ» አሉና እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ጉብታዋንስ አሁን ማን ያዛት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማንም። ለቅቀናት ወጣን።»

አቶ ቢተው አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ ልጄ ሳይሞት አትለቋትም ነበር?» አሉ።

በቴሌቪዥን ተንታኞቹ ብዙ ጥያቄ ያነሳሉ። ይህችን ግን አንዳቸውም ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።