መርዶ ይዘን ወደ ሚስተር ኮሺ ቤት

ቅዳሜ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሊቶኒያ

ሙሉጌታ ቫኑን በሬ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቀኛል። ሣሩ ላይ ጤዛ ተኝቷል። እኛ ሰፈር ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በጭጋግ ውስጥ ሲታዩ አንድ ቤት ራሱን እየደጋገመ በሕልሙ የሚያይ ይመስላል። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ በሬን ቆልፌ ወጣሁ። ከተቆለፈ በኋላ እጀታውን አንድ ጊዜ ነካሁት። ውስጥ የቀረ ሰው እንደሌለ እያወቅሁ።

የምንሄደው ለአንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ መርዶ ልንነግር ነው። ሚስተር ኮሺ ይባላሉ። በወጣትነታቸው አሰበ ተፈሪ መጥተው ባለቤቴን ለገሰን ሂሳብ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በኋላ አገራቸው ኬረላ ተመልሰው፣ ጥቁር ጢማቸው ነጭ እስኪሆን የክልላቸው ምክር ቤት አባል፣ በየመሃሉም ሚኒስትር ሆነው ኖሩ። ባለፈው መኸር ልባቸውን ሊታከሙ እዚህ አሜሪካ፣ ስዋኒ ከምትኖረው ልጃቸው ዘንድ መጡ። ያን ጊዜ ለገሰም ታሞ ነበር። ሁለቱም በመኪና የሚያስወጣ አቅም ስላልነበራቸው፣ አንዲት አትላንታ ዙሪያ እየኖሩ በስልክ ብቻ ሲጠያየቁ ከረሙ። «ሲሻለን እንገናኛለን» ይባባሉ ነበር።

ለገሰ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አረፈ። ሰማንያውም ወጣ። ሚስተር ኮሺ ግን አልሰሙም። ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላሉ፤ ስልኩ ከአልጋው አጠገብ ይጮኻል፤ እኔ እስኪያቆም ድረስ አየዋለሁ። አንስቼ ምን እላለሁ? መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚነግር ሰው ልላክ ብልም ከእኛ መካከል የሚያውቃቸው የለም። ያለፈው ቅዳሜ ድምፃቸውን ትተው ዘጉ። በዚያ በተሰባበረ፣ ግን ባልጠፋባቸው አማርኛ፣ «ለገሰ፣ ልጄ፣ ምን አጠፋሁ? ተቀየምከኝ እንዴ? እኔ ነገ ሳምንት፣ እሑድ፣ ወደ አገሬ እሄዳለሁ» ይላሉ።

እሑድ ነገ ነው። ተማሪያቸው እንደተቀየማቸው አምነው ባሕር ሊሻገሩ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚመለሱ አይመስለኝም።

ኮንየርስ

መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ኮንየርስ ሄድን፤ እትዬ የሺን ለመያዝ። የእድራችን መርዶ ነጋሪ እሳቸው ናቸው። የመጋዘኖቹ መብራት ጭጋጉን ቢጫ አድርጎታል። የሌሊት ፈረቃ የወጡ ሰዎች አንገታቸውን ቀብረው ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። እትዬ የሺ ከልጃቸው ቤት ደጃፍ ላይ ጃኬት በነጠላ ላይ ደርበው ቆመዋል።

«ሀዘንተኛ ራሷ መርዶ ይዛ ስትዞር ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ሰውየውን የማውቃቸው እኔ ብቻ ነኛ፣ እትዬ።»

«በድምፅ አይደል የምታውቂያቸው? ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። አንቺ ከኋላዬ ትቆሚያለሽ።»

ሙሉጌታ በሳምንቱ ቀናት መንገደኛ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ፣ ዝምታ የማይችል ልጅ ነው። ልጅ የምለው ለእኔ ነው እንጂ የሦስት ልጆች አባት ነው። «እኔ የምለው፣ እትዬ የሺ፣ እኚህ ሰውዬ ሕንድ ናቸው። የእኛን ወግ የት ያውቁታል? ለሴት ልጃቸው ቴክስት ቢደረግላት አይሻልም ነበር?»

«እናትህ ሞተች ብዬ ቴክስት ላድርግልህ?»

«ኧረ እትዬ! በጠዋቱ በእናቴ አይምጡ!»

«እንግዲያው ዝም ብለህ ንዳ።»

ሃይዌይ ላይ

ጭጋጉ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ካለው ጥድ ላይ አልተነሣም። ፊታችን ያሉት የከባድ መኪና መብራቶች በውኃ ውስጥ የሚዋኙ ቀይ ዓሦች ይመስላሉ። እትዬ የሺ መቁጠሪያቸውን ይዘው ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

«የእውነት ሚኒስትር ነበሩ?» አለኝ ሙሉጌታ በመስተዋቱ እያየኝ። «ከነጋርዱ?»

«ከነጋርዱ።»

«የምን ሚኒስትር?»

«የመስኖ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የትምህርት።»

ይህን ሁሉ የማውቀው በጆሮዬ ነው። ለገሰ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ሲያወራ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ሰማሁ። የዚያ አገር ዝናብ፣ ያ በረንዳ፣ ጎህ ሲቀድ በረንዳው ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕዝብ፣ ወንዝ ዳር ያለው የምርጫ ጣቢያ፣ ሁሉም ወጥ ቤቴ ውስጥ አለ። ሚስተር ኮሺ በነጭ ሽርጥ ይወጣሉ፣ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። የአንዱ መሬት ቦይ አልደረሰውም። የአንዲቱ ልጅ ትምህርት ቤት አልተቀበሉትም። አንዱ ደግሞ ምንም ጉዳይ የለውም፤ ዝናቡን ሊያሳልፍ ነው የመጣው። እሱንም ይጠይቁታል።

ፖለቲካ ውስጥ የከረሙት ግን በንግግር አይደለም። ንግግር አይችሉም ነበር ይላል ለገሰ። ነገሩ የጀመረው አሰበ ተፈሪ ነው። የለገሰ አባት ሲሞት ወጣቱ መምህር ለቅሶ ቤት መጡ። ምን እንደሚባል ስላላወቁ በር ላይ ቆመው ቀሩ። አንድ ሽማግሌ ቦታ ለቀቁላቸውና በእጃቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ፤ ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ተቀመጡ። በማግሥቱም፣ በሠለስቱም ተቀመጡ። አገራቸው ሲመለሱ ያንን ይዘው ተመለሱ። ለምርጫ ሲወዳደሩም፣ ከተመረጡ በኋላም፣ በወረዳቸው ሰው ሞተ ሲባል ሌላውን ሥራ ትተው ይሄዳሉ። የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ቢሆንም ይሄዳሉ። ተቀናቃኞቻቸው፣ «ይህ ሰውዬ ድምፅ የሚለቅመው ከመቃብር ላይ ነው» እያሉ በድምፅ ማጉያ ይሰድቧቸው ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ተሸነፉ፤ መጀመሪያ ሚኒስትር በሆኑበት ዘመን ማብቂያ ላይ። ዋና ከተማው ውስጥ ተቀምጠው፣ ከስብሰባ ስብሰባ ሲሉ፣ ለቅሶ መድረስ ተዉ። ሕዝቡ ምንም ሳይናገር ወንበራቸውን ለሌላ ሰጠው። ለለገሰ ሲነግሩት ይስቁ ነበር። «የግድቡን በር ስከፍት ስዘጋ የሰው በር ረሳሁ» አሉት። በሚቀጥለው ምርጫ ሲመለሱ፣ ሁለተኛም ሚኒስትር ሲሆኑ፣ መኪናውንና ጋርዱን መንደር መግቢያ ላይ እየተዉ በእግራቸው ይገቡ ነበር። ጉልበታቸው እንቢ እስኪል ድረስ።

ይህን ሁሉ ተርኬለት ስጨርስ፣ «ይህንን ሰምቼ ነው እንዴ ቴክስት ያልኩት» አለ ሙሉጌታ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ፣ «ውይ! ኤግዚቱን ሚስ አደረግኩት።»

ኖርክሮስ

ባመለጠን መውጫ ፈንታ በሚቀጥለው ወጥተን ነዳጅ ማደያ ገባን። እዚህ የሱቁ ጽሑፍ ሁሉ በየዓይነቱ ነው፤ ኮሪያው፣ ስፓኒሹ፣ ሕንዱ፣ የእኛም ፊደል አንድ ጥግ ላይ። ከማደያው በቀር ገና ምንም አልተከፈተም። ሁለት ዶላር የማይሞላ ሻይ ገዝቼ ኩባያውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አልጠጣሁትም። መርዶ የሚነገረው ሰው ቁርስ ሳይበላ እኔ ቀድሜ ሻይ ልጠጣ አልሆነልኝም።

«ልባቸው ቢቆምስ?» አልኳቸው እትዬ የሺን።

መቁጠሪያቸውን ጠቀለሉ። «አንድ ልጅ» አሉ በኋላ፣ «እዚያው እኛ ጋ ዌርሃውስ የሚሠራ፣ አባቱ መሞቱን ከአገር ቤት በስልክ ነገሩት። ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ሆኖ። ሮጬ ስደርስ መሬት ላይ ነው፤ አጠገቡ የሚይዘው አንድ ሰው አልነበረም። እኛ ሦስት ሆነን የምንሄደው ለወግ መሰለሽ? ሁለቱ ሊይዙ ነው።»

ሙሉጌታ ይህን ሰምቶ ትከሻውን ወደ ኋላ አደረገ።

ስዋኒ፣ ፀሐይ ስትወጣ

ቤቱ ትልቅ ነው፤ በረንዳው ላይ ነጭ ዓምድ አለው። ደወሉን ሳንነካ ልጃቸው ሊሲ ከፈተችልን። የሻይ ብርጭቆ ይዛለች። ነጠላ የለበሱ ሁለት ሴቶችና አንድ ረጅም ወንድ በጠዋት በሯ ላይ ስታይ ደነገጠች። ማን እንደሆንኩ በእንግሊዝኛ ነገርኳት፤ ስለ ለገሰም ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«በጣም አዝናለሁ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እባካችሁ አትንገሩት። ከሆስፒታል ከወጣ ገና ነው። ነገ ረጅም በረራ አለው። እዚያ ሲደርስ፣ ሐኪሙ አጠገቡ ባለበት ወንድሜ ይነግረዋል። እለምናችኋለሁ።»

ፊቷን አየሁት። ሌሊቱን አልተኛችም። እኔም ለገሰ ሲታመም እንዲህ ያለ ፊት ነበረኝ፤ ክፉ ወሬ በር እንዳያልፍ በሰውነቷ የምትከለክል ሴት ፊት። እትዬ የሺ ምን አለች አሉኝ፤ ተረጎምኩላቸው።

«ውሳኔው ያንቺ ነው፣ ጽጌ» አሉኝ።

«እንመለስ» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። የአንዱን ሰው ሞት አይቻለሁ፤ የሌላውን በእጄ ይዤ ልመጣ አልፈልግም።

ዞረን አንድ ደረጃ እንደወረድን ከውስጥ የእግር ድምፅ ተሰማ። ሚስተር ኮሺ ነበሩ። ነጭ ሽርጥ፣ ነጭ ሸሚዝ። በልጅነቱ ለገሰ ተራራ የሚያህሉ አድርጎ ያያቸው ሰው ከትከሻዬ አይበልጡም። በራቸው ላይ በጠዋት የሰው ድምፅ ሰምተው ነው የወጡት። ሊሲ በቋንቋቸው አንድ ነገር ብትላቸው በእጃቸው ዝም አሰኟት። የበረንዳውን ወንበር ጎትተው ወደ እኛ አዞሩና ተቀመጡ። ሽርጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ባለጉዳዮች መስለናቸዋል። ለፊተኛው ሰው ምልክት ሰጡ። ፊተኛው ሙሉጌታ ነው።

«ጉዳይህ ምንድን ነው?» አሉት በእንግሊዝኛ፣ በትዕግሥት።

ሙሉጌታ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔ... እኔ ሹፌር ነኝ፣ ሰር።»

«ሹፌርም ጉዳይ አያጣም» አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ዐይናቸው ነጠላዬ ላይ ዐረፈ፤ ወደ እትዬ የሺ ሄደ፤ ተመልሶ ነጠላዬ ላይ ቆመ። ፈገግታው ቀስ እያለ ሄደ።

«ከየት መጣችሁ?» አሉ፤ በአማርኛ።

«ከሊቶኒያ፣ ጌታዬ» አሉ እትዬ የሺ።

ሚስተር ኮሺ ወደ ግቢው ዛፎች አዩ። ፀሐዩ ጭጋጉ ውስጥ ገብቶ ሁሉ ነገር ወተት መስሏል። «በጠዋት መጣችሁ» አሉ ለራሳቸው። «ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ።»

ሙሉጌታ ሳይነገረው ሄዶ ከጎናቸው ቆመ።

«እግዜር ያጽናዎት» አሉ እትዬ የሺ።

ሊሲ አማርኛ ባታውቅም ገብቷት የአባቷን እጅ ያዘች፤ ጣቷን የደም ሥራቸው ላይ አድርጋ። ሚስተር ኮሺ አልወደቁም። ከዚያ ወደ እኔ፣ «አንቺ ጽጌ ነሽ» አሉ። «ሽንኩርት ስትከትፊ እሰማሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ተቀይሞኝ አልነበረም?»

«አልተቀየመዎትም። ስልኩ ሲጮህ ያላነሣሁት እኔ ነኝ። እሱማ መናገር ካቃተው በኋላ እንኳ ቅዳሜ ሲደርስ ጸጉሬን አበጥሪልኝ ይለኝ ነበር፤ በእጁ እያሳየ። ሚስተር ኮሺ ሊደውሉ ነው ማለቱ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ከልጃቸው እጅ ቀስ ብለው አላቀቁ። «ጫማዬን አምጪልኝ» አሏት በእንግሊዝኛ።

«አባ፣ ወዴት? ሻንጣህ እንኳ አልተዘጋም!»

«ለቅሶ ሳልደርስ አውሮፕላን ላይ አልወጣም።»

መልስ

ከፊት፣ ከሙሉጌታ ጎን ተቀመጡ። ሊሲ የደም ግፊት መለኪያዋን ታቅፋ ከእኔ አጠገብ ናት። ጭጋጉ ተነሥቶ ሰማዩ ታጥቧል። ሚስተር ኮሺ እያረፉ ይጠይቁኛል፤ የት ተቀበረ፣ ማን ገነዘው፣ ልጅ አላችሁ ወይ፣ ቤቱ ውስጥ ከማን ጋር ነሽ። ልጅ እንዳልወለድን፣ ብቻዬን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አይዞሽ አላሉኝም። ከመንገዱ ዳር አንድ ኩሬ ባለፍን ጊዜ፣ «ይህ ውኃ ወዴት ነው የሚፈስሰው?» ብለው ሙሉጌታን ጠየቁት።

«እኔንጃ፣ ሰር። ጂፒኤሱ ውኃ አያሳይም።»

ጥቂት እንደሄድን እንቅልፍ ወሰዳቸው። በእንቅልፋቸው የሰው ስም የሚመስል ነገር ይጠራሉ፤ የእኛም አገር ስም አለበት፣ የእነሱም። የተማሪ ይሁን የመራጭ አላወቅሁም። ሊሲ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አሳርፋ ዝም ብላ ታለቅሳለች። ጥዶቹ በሁለት በኩል ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ለገሰ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሰው በሞላበት መኪና ሄጄ አላውቅም። ባንደርስ ብዬ ተመኘሁ።

ረፋድ፣ ሊቶኒያ

ሰፈራችን ስንገባ ነቁ። የፊት ለፊት ጎረቤቴ፣ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ በነፋስ ማሽኑ የደጁን ቅጠል ይጠርጋል። ቤቶቹ አሁንም አንድ ዓይነት ናቸው። «የቱ ነው?» አሉኝ ሚስተር ኮሺ፤ አሳየኋቸው።

ለገሰ ያረፈ ቀን መስኮቱን ሁሉ ዘግተን ነበር ያለቀስነው። ጎረቤት እንዳይደነግጥ፣ ፖሊስ እንዳይጠራ፤ ጮክ ያለውን ሁሉ፣ «ቀስ በይ፣ ቀስ በል» እያልን። እኔንም ቀስ አሉኝ። ቀስ እንዳልኩ ሰማንያው ወጣ።

ሚስተር ኮሺ ከመኪናው ወርደው፣ የሙሉጌታን ክንድ ለቀቁ። በሬ ላይ እስኪደርሱ እንኳ አልጠበቁም። ገና መኪና መግቢያው ላይ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው፣ ያን ሁሉ የምርጫ ዘመን ንግግር አይችልም በተባለ ድምፅ፣ «ልጄን! ለገሰን! ልጄን!» ብለው ጮኹ።

የጎረቤቴ ማሽን ቆመ። ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። እትዬ የሺ ከኋላ በለቅሶ ተቀበሏቸው፤ ሙሉጌታም።

እኔ ገና ከመኪናው አልወረድኩም ነበር። በሩን እንደያዝኩ ድምፄን ለቀቅሁት።