የአስቴር ሲዲ

ትናንት የታክሲው ሬዲዮ ከአክስቴ ጋር እንዘፍነው የነበረውን ዘፈን ሲለቀው ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ተመለስኩ።

ደቡብ አፍሪካ፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል እንኖር ነበር። አባቴ የውጭ አገር ሰው ይጠቃል ብሎ ስለሚሰጋ ውጭ ወጥቼ አልጫወትም። ጓደኛዬ የአባቴ ታናሽ እህት አስቴር ብቻ ነበረች። የሁለት እንግሊዛውያን ዘፋኞችን የመጀመሪያ አልበም ገዝታ፣ የአንዱን ድምፅ እሷ፣ የሌላውን እኔ እየያዝን እንዘፍን ነበር።

ለሰርጓ ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ሲዲውን ሰጠችኝ።

«ላንቺ ይሁን። የምሄድበት ቤት ዘፈን አይፈቀድም።»

«እስር ቤት ነው እንዴ፣ አስቱ?»

ሳቀች። «የሰባኪ ቤት ነው» አለችና ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።

ከሄደች በኋላ ሲዲውን ብቻዬን ከፈትኩት። የራሴን ድርሻ ዘፈንኩ፤ በእሷ ተራ ዝም አልኩ።

ዛሬም ስደውልላት ስለ ልጆቿ እንጫወታለን። ስለ ዘፈን ግን እሷም አታነሳ፣ እኔም አልጠይቅ።