ጋማ የሚሉት ሶምቦ

ባለፈው ሳምንት ከአሰንዳቦ ወደ ውስጥ በሚገባው የጠጠር መንገድ፣ አዲሱ ድልድይ ጋ ቆመን ባጃጅ ስንጠብቅ አንድ ሰሌዳ አየሁ። ከላይ በቁቤ፣ ከሥር በአማርኛ «ጋማ» ይላል። አብሮኝ የነበረው ናዚፍ አንዴ አየውና ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። እኔ ግን ዓይኔን ከሰሌዳው መንቀል አቃተኝ። ቃሉን እንደ አገር ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በሃያ ዓመቴ፣ እዚሁ መንገድ ላይ፣ ከራሱ ከናዚፍ አፍ ነበር።

ያኔ ጅማ ከተማ መንደራ ቆጪ ሰፈር እናትና አባቴ ቤት እኖራለሁ። አባቴ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ጅማ የቀረ ሰው ነው፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባለት ይመኝ ነበር፤ ልጁ ግን ፈተናውን ወድቆ ግጥም ይጽፋል። ማንም አላስተማረኝም፤ ማንም እንዲያርመኝም አልፈቅድም። ሳልማርበት ኪቶ ፉርዲሳ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በር አልጠፋም ነበር። ናዚፍ እዚያ የምህንድስና ተማሪ ነው። ግጥሜን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠኝ እሱ ብቻ ስለነበር ተወዳጀን። ሲያዳምጥ ታዲያ ዝም አይልም፤ «ገጣሚው፣ ይቺ ስንኝ ጫማ ጠቧታል» ይለኛል።

ነሐሴ ላይ አባቱ በአስቸኳይ እንዲመጣ ላኩበት። አገር ማየት ለገጣሚ ስንቅ ነው ብዬ ተከተልኩት። አሰንዳቦ በዝናብ ደረስን፤ ሻይ በሳምቡሳ ቀምሰን፣ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ እሸት በቆሎ ይዘን በእግር ተነሣን። ቀዩ ጭቃ ጫማችንን አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል። የበቆሎው ማሳ ከሰው ቁመት አልፏል፤ ከማሳው ወዲያ በደን የተሸፈነ ሸንተረር ይታያል። የአገሩን ስም ጠየቅሁት።

«እዚህ ያለው ሰው ጋማ ነው የሚለው» አለ።

ሸንተረሩን ደግሜ አየሁት። እውነትም የፈረስ ጋማ ይመስላል። ጅማ ደግሞ የድሮ ባላባቶች በፈረሳቸው ስም የሚጠሩበት አገር ነው። ወዲያው ግጥም መጣልኝ፤ የማን ፈረስ ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ናዚፍ የያዘው በቆሎ ጭቃ ላይ እስኪወድቅ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ፣ ጋማ በኦሮምኛ ወዲያ ማዶ ማለት እንደሆነ ነገረኝ። ከወንዙ ወዲህ ያለ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «ጋማ» ስለሚል ስም መሰለ እንጂ፣ እዚያ የሚኖር ሰው አገሩን እንዲያ ብሎ አያውቅም። ለነሱ ሶምቦ ነው፤ ሶምቦ የዛፍ ስም ነው። «ፈረስ አልነበረንም» አለኝ፤ «በቅሎ ከፈለግህ ግን ሞልቷል።»

እስከ ወንዙ ድረስ የሶምቦን ታሪክ ሲያወራልኝ ሄድን። ከአስፋልቱ በፊት ቡና የጫኑ በቅሎዎች በዚያ በኩል ያልፉ ነበር። ነጋዴው ወንዙን ሊሻገር ሲል ከዛፉ ሥር ጭነቱን ያራግፋል፤ ከማራገፉ ገበያ ተወለደ፣ ከገበያው መንደር። በኋላ አስፋልቱ ከወንዙ ወዲህ አለፈ። ገበያው አስፋልቱን ተከተለ፣ ሰውም ገበያውን። የሚሄድ ሰው የቤቱን ቆርቆሮ ነቅሎ ተሸክሞ ይሻገራል፤ ቡናውንና አቮካዶውን ግን ነቅሎ መውሰድ አይችልም። ስለዚህ ሶምቦ ውስጥ በየቦታው ክብ ሠርተው የቆሙ ዛፎች አሉ፤ መሐላቸው ባዶ ነው። የናዚፍ አባት ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ነበሩ። ያን ክረምት የመጨረሻዎቹ ጎረቤቶችም ሊወጡ ተነሥተዋል፤ ለእሳቸውም ዘመዶች አስፋልቱ ዳር ቦታ ሊሰጧቸው ዝግጁ ናቸው። ሽማግሌው ግን ቆርቆሮውን ከመንቀላቸው በፊት አንድ ነገር ከልጃቸው አፍ መስማት ፈልገዋል።

ወንዙ ጋ ስንደርስ የእንጨቱን መሻገሪያ ጎርፍ ወስዶታል። ውሃው ቡናማ ሆኖ ግንድ እያንከባለለ ይሄዳል። አባቱ፣ አገሬው በልጃቸው ስም አባ ናዚፍ የሚላቸው፣ በወዲያኛው ዳር ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ላስቲክ ደርበው ቆመዋል። ስፋቱ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚሻገር ነው፤ እግር ግን አይሻገረውም።

ወንዙ ሲሞላ የዚያ አገር ሰው የሚነጋገረው እየተጣራ ነው። ሠርጉም መርዶውም በጩኸት ይሻገራል። የሚጣራ ሰው የቃሉን ጫፍ ይጎትታል፤ ኦሮምኛ ልቡን ጫፉ ላይ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለና። «ሂን ዴቢና» ያለ እንመለሳለን ማለቱ ነው፤ «ሂን ዴቢኑ» ያለ አንመለስም። ልዩነቱ አንዲት የመጨረሻ ድምፅ ናት።

ሽማግሌው ሰላምታውን እንኳ አላስረዘሙም። ትምህርታችሁን ስትጨርሱ አንተና ወንድምህ ወደ ሶምቦ ትመለሳላችሁ ወይ፣ ቤቱን ባለበት ልተወው ወይስ ልንቀለው፣ ብለው ጠየቁ። ናዚፍ ጥያቄውን ገምቶ መልሱን በወሬያችን መሐል ሲለማመደው ነበር፤ ለእኔም ነግሮኛል። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ።

«ሂን ዴቢኑ!»

ጮኸ እንጂ ጫፉን አልጎተተውም። ቃሉ አፉ ውስጥ ቀርቶ ትንሽ ብቻ የወጣ መሰለኝ። ማዶ ያሉት ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«አልሃምዱሊላህ!»

ከዚያ ወደ ቤታቸው ጣሪያ ጠቆሙ፣ ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ፣ ሂዱ፣ ዝናብ ሳይዛችሁ ግቡ፣ ብለው አሰናበቱን። በ«ና» ነው የሰሙት፣ ድገምለት አልኩት።

«ተወው» አለኝ። «ከኔ አፍ ወንዙ ያለው ይሻላል። ውሃው ሲጎድል መጥቼ እነግረዋለሁ።»

ውሃው ጎደለ። ናዚፍ ግን አልሄደም። ዛሬ ነገ ሲል ተመረቀ፣ ሐዋሳ ሥራ ያዘ፣ አገባ፣ ወለደ። ወንድሙም ከአገር ወጣ። ለአባቱ ይደውላል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ያወራሉ፤ ስለ መመለስ አንዳቸውም አያነሡም። የሚጠብቁትን የአባቱን ፊት ማየት ከበደው። አንድ በዓል ቀርቶ ሌላው ሲቀር፣ አለመሄዱ ራሱ ሌላ ሞላ ያለ ወንዝ ሆነበት።

ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሚኒባሳችን አሰንዳቦ ላይ ጎማ ተበሳበት። ሻይ ቤት ስገባ አባ ናዚፍ ተቀምጠዋል፤ የገበያ ቀን ነበር። ቀድመው ያወቁኝ እሳቸው ናቸው። ስለ እኔ ከልጃቸው ሰምተው ኖሮ «ባለ ግጥሙ» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። በዚያን ጊዜ ሶምቦ ውስጥ ጭስ የሚወጣው ከሳቸው ቤት ብቻ ነበር። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ራሳቸው ነገሩን አነሡት።

«ያን ቀን ልጄ ያለውን ሰምቻለሁ» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ውሃው እየጮኸ እንዴት ሰሙት አልኳቸው።

«እኔ እኮ እዚያ ውሃ ዳር ነው ያረጀሁት። መጨረሻው ላይ «ና» የሚል ሰው አፉ ይከፈታል። «ኑ» የሚል ከንፈሩ ይሰበሰባል። ወላሂ፣ ገና ድምፁ ሳይመጣ አየሁት።»

«ታዲያ አልሃምዱሊላህ ለምን አሉ?»

«እውነቱን ነገረኝ እኮ። ሌላስ ምን ይባላል? ዝም ብል እዚያው ዝናብ ላይ ቆሞ ሊያለቅስ ነው።» ብርጭቆውን አዙረው አዙረው አስቀመጡት። «ቤቱን ለሱ ብዬ የተውኩት ከመሰለው ተሳስቷል። እኔ ሌላ ቦታ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ልንገረው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡ።

«ስለኔ ሲጠይቅህ ንገረው» አሉ። «ሳይጠይቅ ከነገርከው ይቅርታ ሊጠይቅ ይመጣል። እኔ ደግሞ ቡና ሊለቅም ቢመጣ ነው የምወደው።»

ከዚያ በኋላ ናዚፍ በደወለ ቁጥር ጠበቅሁ። ስለ ጅማ ይጠይቃል፣ ስለ ግጥሜ ያሾፋል፣ የመንደራ ቆጪን ባጃጆች ሳይቀር ይጠይቃል። ስለ አባቱ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። ዘንድሮ መርዶው ደረሰው። ቀብሩ በዕለቱ ስለነበር አልደረሰም፤ የመጣው ባለፈው ሳምንት ነው። አባቱ ተሻግረውት የማያውቁት ድልድይ ላይ ቆሞ፣ በመጨረሻ ጠየቀኝ።

«አባቴ ሲጠብቀኝ ነው የሞተው፣ አይደል?»

ነገርኩት። ከንፈሩን፣ አልሃምዱሊላሁን፣ የሻይ ቤቱን፣ ቡና ለቀማውን ሁሉ። የድልድዩን ብረት ያዘ።

«ታዲያ እኔ ከማን ነው የሸሸሁት?» አለ።

በሃያ ዓመቴ ብሆን ኖሮ ስንኝ እፈልግለት ነበር። አሁን የማስበው እዚያ ስላልተረገጠው መሬት ነው። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ አልተሻገርኩም፤ የወደድኩት ሰው አገር ለኔም ጋማ ሆኖ ቀረ። አንድን ቦታ ከወዲህ ብቻ ሆነው የሚያዩት ሰዎች ሲበዙ፣ እንዲህ ሰሌዳ ይቆምለታል። ሰሌዳውን የጻፈው ሰው አልዋሸም፤ የጠየቃቸው ሁሉ ያሉትን ነው የጻፈው። ሶምቦ የሚለው ሰው ግን ሰሌዳው በተጻፈበት ሰሞን ተቀብሮ ነበር።

ባጃጁ መጣ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ «ጋማ ናችሁ?» አለን።

«ሶምቦ ነን» አለው ናዚፍ።

ሾፌሩ ግራ ገባው። በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሶ እንዲህ ያለ አገር ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረን። «ሶምቦ ደግሞ የት ነው?»

ናዚፍ ክንዱን በውሃው ላይ ዘርግቶ፣ የቃሉን ጫፍ እንደ አገሩ ሰው ጎትቶ፣ «ጋማ» አለው።