የሚዛን ደም

በምትሠራበት ላብራቶሪ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ሚዛን» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ደሟ ነው። ደሙ አልረጋ ያለ ሰው ሲመጣ፣ ከደሙ የተጣራው ቢጫ ፈሳሽ ከጤነኛ ሰው ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይፈተናል። ድብልቁ በሰዓቱ ከረጋ፣ በበሽተኛው ደም ውስጥ የጎደለ ነገር አለ፤ ይሞላለታል። ካልረጋ ግን ደሙን የሚያጠቃ ነገር አለ፤ ያኔ መላው ይጠፋል። ጤነኛዋ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሷ ነበረች። እጅጌዋን ሰብስባ ባልደረቦቿን «ቅዱ፣ አያልቅም!» ትላቸው ነበር።

ዛሬ በብልቃጥ የመጣው የልጅ ልጇ ደም ነው።

ሕፃኑ ዳዴ ሲል ወድቆ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ይኸው ሁለት ቀኑ፣ ደሙ አልቆም አለ። ልጇ፣ ያውም የአራት ወር እርጉዝ ሆና፣ ኮሪደር ላይ ታቅፋው ፎጣ በፎጣ ትቀይራለች። ከጎኗ የባሏ እናት ተቀምጠዋል። ጠዋት ሚዛን ለእኚሁ ሴትዮ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የራስዎን ቤት ይጠይቁ» ብላቸዋለች። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ በእናት በኩል እንደሚወርድ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ፍርሃት ምን የማያናግረው አለ!

የሕፃኑን ፈሳሽ ከራሷ ጋር ቀላቅላ ሞቅ ያለው ውሃ ውስጥ ነከረችው። ሰዓቷን ይዛ ብልቃጡን ታዘነብላለች። አርባ ሰከንድ ላይ መርጋት ነበረበት። ስልሳ ሞላ። ሰባ አለፈ። እንደ ውሃ ይፈሳል። ደገመችው፤ ያው ነው።

«በቃ፣ መላ የለውም፤ ልጄን ምን ልላት ነው?» አለች።

አለቃዋ፣ ፀጉሩ የሸበተ ቁጡ ሰው፣ «ዝም በይ! ያንቺን ትተሽ እስኪ የዘበኛውን ሞክሪ» አላት።

ዘበኛው ክንዱን እየሰጠ «የእኔማ ደም ሻይ ነው፣ ስኳር ጨምሩበት» አለ። የሳቀለት የለም።

አርባ አንድ ሰከንድ ላይ ብልቃጡ ውስጥ ያለው እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። ሚዛን «ተመስገን! ይሞላለታል!» ብላ ጮኸች። ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች። የሕፃኑ ፈሳሽ ያው አንድ ነው፤ በዘበኛው የረጋው በእሷ ለምን አልረጋም?

አለቃዋም አይኗን ሸሸ። በሕፃኑ ደም የጎደለው በእሷም ደም ጥቂት ነው፤ ለራሷ ይበቃት ነበር፤ ለሌላ የሚተርፍ ግን አልነበረውም። ያኔ በልጅነቱ የሞተው ወንድሟ ትዝ አላት። እናቷ «ጥርሱን ተነቅሎ ብርድ መታው» ይሉ ነበር፤ እሷም እስከ ዛሬ የገደለው ብርድ እንጂ የደሙ አለመቆም ነው ብላ አታውቅም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው!

«አሥራ አንድ ዓመት!» አለች። «ስንቱን ልጅ መላ የለውም ብዬ ሰድጄው ይሆን?»

አለቃዋ ወንበር ላይ ቆሞ የድሮዎቹን መዝገቦች ከመደርደሪያ ያወርድ ጀመር።

ኮሪደር ወጣች። ልጇ ብድግ አለች።

«እማዬ፣ እንዴት ሆነ?»

«የጎደለው ነገር ነው። ይሞላለታል፣ ዛሬውኑ ይጀምሩለታል።»

«ከማን ነው የወረሰው?»

ሚዛን ወደ ልጇ አማት ዞረች። «ከእኔ ነው እመቤቴ። የጠዋቱን ይቅር ይበሉኝ።»

ሴትየዋ ቦርሳቸውን ከአግዳሚው አንስተው ቦታ ለቀቁላት። «ይቀመጡ እንጂ፣ ሊወድቁ ነው» አሏት።

ልጇ ግን እንደቆመች ቀረች። ደም የነካውን እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች።

«ይሄኛውስ፣ እማዬ?»

«አላውቅም» አለች ሚዛን። «አላውቅም ልጄ።»