ደጋ ያልተስማማው ሳንባዬ

መጀመሪያ ያቃተኝ አርባ ምንጭ ከተማ ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣው ዳገት ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ያን ዳገት ለዓመታት በእግሬ ተመላልሼበታለሁ። ያን ዕለት ግን ግማሹ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ፤ ከንፈሬ ጠቆረ። ቤተሰቡ በሙሉ "ወባ ነው" አለ። ተመረመርኩ፤ ወባ የለብኝም።

እኛ ጋ ቆላ ላይ የታመመ ሰው ደጋ ይወጣል፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደሰ የትውልድ መንደራችን ገረሴ ይዞኝ ወጣ። ቀዝቃዛ አየር፣ ትኩስ ቆጮ፣ እረፍት። በሦስተኛው ቀን እግሬ አበጠ። በአራተኛው ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቃተኝ። ራሴን ሳትኩ። ዘመዶቼ "አየሩን እስክትለምደው ነው" ይላሉ። እኔ እየሞትኩ ነበር።

"ጋሼ፣ አውርደኝ።"

"ያ ሙቀት ይገድልሻል!"

"ይግደለኝ። አውርደኝ።"

እያጉረመረመ አወረደኝ።

አርባ ምንጭ ሆስፒታል አንዲት ሐኪም ልቤን በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ አየችው። የቀኙ ክፍል ተለጥጧል። ፐልመናሪ ሃይፐርቴንሽን፤ የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት ከልክ በላይ መጨመር ማለት ነው፤ ክንድ ላይ ከሚለካው የደም ግፊት ይለያል።

"ኢንዶተሊን የሚባል ፔፕታይድ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ትንሽ ፕሮቲን፣ አለ፤ የደም ሥር ያጠብባል" አለችኝ። "ጤነኛ ሳንባ ደሙ ሲያልፍበት ብዙውን ይዞ ያስቀረዋል። ያንቺ ግን ማጥራቱን ቀንሷል። ከፍታ ላይ ደግሞ ኦክስጅን ስለሚያንስ ደም ሥሮቹ ይብስ ይጠባሉ። መውረድሽ ነው ያተረፈሽ።"

ሲልደናፊል ታዘዘልኝ፤ ለወንዶች ስንፈተ ወሲብም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ፋርማሲስቱ ወረቀቱን አይቶ "ለባለቤትሽ ነው?" ብሎ ፈገግ ሲል፣ የተሰለፈው ሁሉ እየሰማ "ለሳንባዬ ነው!" አልኩት። መድኃኒቱን ሳላቋርጥ፣ ጨው ቀንሼ፣ ዳገቱንም ለባጃጅ ትቼ፣ ከወራት በኋላ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቆሜ ማስተማር ቻልኩ።

ከዚያ መስቀል ደረሰ። ጋሞ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ የቀረ ሰው ወይ ሞቷል ወይ ተጣልቷል። አልወጣም አልኩ። አክስቶቼ "ኮራች" አሉ፤ ጋሼ ታደሰ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አለቀስኩ፤ ግን አልወጣሁም።

በበዓሉ ማግስት ጋሼ የድርሻዬን ሥጋ ይዞ በሬን አንኳኳ። ለካ ሐኪሟ ጋ ሄዶ ራሱ ጠይቋት ኖሯል።

"ልገድልሽ ነበር እኮ" አለኝ፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

"ያወረድከኝም አንተ ነህ" አልኩት።

ሐኪሟንም እሱንም አመሰግናለሁ። እናንተ ዳገት ላይ ትንፋሻችሁ የሚያጥር፣ ወባ የለባችሁም ስለተባላችሁ አርፋችሁ አትቀመጡ፤ ልባችሁ በኢኮ እንዲታይ ጠይቁ። መድኃኒት በራሳችሁ አታቁሙ። ሐኪም ሳታማክሩ ደጋ አትውጡ። የሚወዷችሁ ሰዎች ቢቆጡም ይቆጡ፤ እናንተ ኑሩ።