የሙሽራው የደረት ኪስ

ባሌን ወደቡ ላይ ሙሽራው ይሉታል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፣ ሆዱም ከቀበቶው በላይ ወጥቷል፣ ግን ሙሽራው ነው። የጀልባ ሞተር ዘይት ሊቀይር ሲሄድ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ስለሚለብስ ነው። ሌሎቹ መካኒኮች እስከ ክርናቸው ጠቁረው ሲወጡ እሱ እንደገባ ይወጣል። ሸሚዙን የምተኩሰው እኔ ነኝ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ሙሽሪት ያለኝ ሰው የለም።

ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነው። ካልሲውን ከአልጋ ሥር፣ ፎጣውን ወንበር ላይ፣ የበላበትን ሳህን ባለበት ትቶ ይነሳል። ለሞተር ያለውን ጥንቃቄ ሩቡን እንኳ ለቤቱ ቢሰጥ ስል ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። እዚህ ላይ አልቆይም፤ ከጀመርኩ አላባራም።

ሥራውን ግን ያውቃል፣ እሱን አልክደውም። የመኪና መካኒክ ከመኪናው ሥር ይገባል፣ ብሎኑን ይፈታል፣ ዘይቱ ባልዲ ውስጥ ይወርዳል፣ አለቀ። የጀልባ ሞተር ግን የሚቀመጠው ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ነው። ከሥሩ እጅ እንኳ በግድ ነው የሚገባው፣ ባልዲማ የት ተደርጎ። የተንጠባጠበው ሁሉ እዚያው ጎድጓዳው ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ ደግሞ ሰርጎ የገባውን ውሃ በራሱ ጊዜ እየተነሳ ወደ ውጭ የሚተፋ ትንሽ ፓምፕ አለ። ፓምፑ ውሃና ዘይት አይለይም፤ ያገኘውን ሐይቁ ላይ ይተፋዋል። ሐይቁ ዳር ደግሞ ግማሹ ሰፈር ልብሱንም ልጆቹንም ያጥባል።

ስለዚህ ባሌ ከሁሉ በፊት የፓምፑን ፊውዝ ይነቅላል። ነቅሎ የሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ይከተውና ይቆልፈዋል። ከዚያ ዘይቱ ሞቅ ብሎ እንዲቀጥን ሞተሩን ዐሥር ደቂቃ አስነስቶ ያጠፋዋል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያወጣና በዚያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ሰድዶ፣ በእጅ እየገፋና እየሳበ፣ አሮጌውን ዘይት ወደ ጀሪካን ይመጠዋል። የዘይት ማጣሪያውን ፊልትሮ ከመፍታቱ በፊት ላስቲክ ከረጢት ያለብሰዋል፤ የሚፈሰው ሁሉ ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል። አዲሱን ዘይት ሞልቶ ሲጨርስ ወለሉን በነጭ ጨርቅ ይወለውልና ጨርቁን ለጀልባው ባለቤት ያሳየዋል። መጨረሻ ላይ ኪሱን ከፍቶ ፊውዙን ወደ ቦታው ይመልሳል። ኪሱ እስካልተከፈተ ድረስ ሥራው አላለቀም። ይህን ለሰማውም ላልሰማውም ሲያወራ የኖረ ሰው ነው።

አንድ ሰኞ ዕለት የሠራው የአንዲት ባለጀልባ ጀልባ ነበር። ሴትየዋ ሰው ወደ ማዶ ታመላልሳለች፤ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ጀልባ ነው። ባሌ ያን ቀን ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ ጥቁር ብሏል። ተሳፋሪ ተሰልፎ ስለነበር ሴትየዋ ራሱ ላይ ቆማ ስትነዘንዘው እንደዋለች ነገረኝ። ሌላው መካኒክ በሩብ ሰዓት ይጨርሳል፣ አንተ ሞተር ትሠራለህ ወይስ ሙሽራ ትኩላለህ ብላዋለች። እሷን ሲረግም አመሸ። የለበሰው ጠዋት የተኮስኩለትን ሸሚዝ ሳይሆን ቦርሳው ውስጥ የሚይዘውን ቅያሪ ነበር። ምነው ስለው ሞቀኝ አለ። እኔም አላስጨነቅሁትም።

ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ጀልባዋ ከኋላዋ ሰጥማ ተገኘች፤ ከውሃው በላይ የሚታየው አፍንጫዋና የጣሪያዋ ጫፍ ብቻ ነበር። ወደቡ ሁሉ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ። አፏ የማያርፈው ባለጀልባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የጀልባዋን አፍንጫ ትመለከት ነበር።

የወደቡ ዘበኛ ጋሽ ፊሽካ ይባላሉ። ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ወደብ ላይ ያደሩ ሰው ነበሩ። የባለጀልባዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሲጠይቃቸው፣ ዝናቡ ሲበረታ ዞረው ጀልባዎቹን ሁሉ እንዳዩ፣ ያን ጊዜ ጀልባዋ ደህና እንደነበረች ተናገሩ። ቀጥለውም የዚችን ጀልባ የፓምፕ ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልሰሙ፣ የሌሎቹን ግን እንደሰሙ አስረዱ። ይሄን ጊዜ ባሌ ከሰው መሀል ወጣ።

«ስለ ፓምፕ አንተ ምን ታውቃለህ?» አላቸው። «ፓምፑን እኔ አይቼዋለሁ፣ ጤነኛ ነው። ያልሰማኸው ተኝተህ ነው።»

አንተ አላቸው። የአባቱን እኩያ። እሳቸው እሱን «አንተ ልጅ» እያሉ፣ እሱ እሳቸውን «ጋሼ» እያለ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኖሩ በኋላ። ሽማግሌው ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ሊቀመንበሩ እጅ ላይ አስቀመጡ። ሊቀመንበሩም እስከ ቅዳሜ ሌላ ዘበኛ እንደሚፈልግ፣ እስከዚያ ብቻ እንዲቆዩ ነገራቸው።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ የጋሽ ፊሽካ ሚስት ከፊቴ ቆማ ነበር። «ባሌ ሥራ ላይ ተኝቶ አያውቅም» አለችኝ፤ ነገር ልትፈልግ ሳይሆን እንዳምናት ብላ ነው ያለችው። እኔ ምን አልኳት? «ታዲያ ጀልባዋ ራሷን ነው ያሰጠመችው?» አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ሐሙስ ዕለት ቤት ሳጸዳ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። እጄን ሰድጄ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ ፌስታል አወጣሁ። ፈትቼ ሳየው ያ ሰኞ ጠዋት የተኮስኩለት ነጭ ሸሚዝ ነው። ሆዱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ጠብታ አለችበት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ይሄ ሁሉ ቋጠሮ ለአንዲት ጠብታ ነው? ሽንቱ አልጋ ላይ እንዳመለጠው ልጅ ደብቋታል። ሳፋ አቀረብኩ፣ ሳሙና አዘጋጀሁ። ልብስ ከመንከሬ በፊት ኪስ መፈተሽ ልማዴ ነው። የደረት ኪሱ ተቆልፏል። ከፈትኩት።

ፊውዙ መዳፌ ላይ ወደቀ። ሰማያዊ፣ ባለ ሁለት እግር፣ ከጥርስ የማይበልጥ ነገር። ሳፋው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም፤ የመካኒክ ሚስት ነኝ፣ ያ ኪስ ምን ማለት እንደሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ። ፊውዙ እዚህ ከሆነ ፓምፑ ያን ሌሊት ሞቶ ነበር። ሽማግሌው ድምፁን ያልሰሙት ድምፅ ስላልነበረ ነው። ንዴቱ ከእግሬ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ ወጣ።

ለምሳ ሲመጣ ባዶ ሳህን አቀረብኩለትና ፊውዙን መሀሉ ላይ አስቀመጥኩ። አየው።

«ጠብታዋ ከሸሚዙ ለቀቀች?» አለኝ።

በትዳር ዘመኔ እንደዚያን ጊዜ ተናድጄ አላውቅም። ሳህኑን ልወረውረው አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት፤ ስብርባሪውን የምጠርገው እኔው ነኛ። «ሰውየው ቅዳሜ ይባረራሉ፣ አንተ የጨርቅ ነገር ታወራለህ?» አልኩት። ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ አንድ በአንድ ተናገረ። ሴትየዋ ስትነዘንዘው ተቻኩሎ ሲፈታ ከረጢቱ ከፊልትሮው ላይ ሸርተት አለ፣ ጠብታዋም ሸሚዙ ላይ አረፈች። በሥራ ዘመኑ የመጀመሪያዋ ናት። ሴትየዋ ሳታያት ብሎ ጀርባውን አዙሮ ሸሚዙን አወለቀና ፌስታል ውስጥ ወሸቀው፣ ቅያሪውን ለበሰ። ኪሱም ከነፊውዙ አብሮ ሄደ። ወለሉን ወልውሎ ነጭ ጨርቁን አሳይቷት ወጣ። ቅያሪው ሸሚዝ ኪስ የለውም፤ የሚከፍተው ነገር ስላልነበረ ያስታወሰውም ነገር አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ደግሞ ማንንም ያገኛል። ያልቻልኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። መቼ አወቅህ ስለው ይህንንም ነገረኝ። ጀልባዋን ከውሃ ሲያወጧት የሽቦ ሳጥኑን የከፈተው እሱ ነው። የፊውዙን ባዶ ቦታ አየ። ሳጥኑ በጭቃ ተሞልቶ ስለነበር ሌላ ሰው አላስተዋለም። መልሶ ዘጋው። ይሄ የሆነው ማክሰኞ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር እየበላ፣ እየተኛ፣ ሽማግሌው ፊት እያለፈ ኖሯል።

«ሙሽራው ጠብታ ጣለ ይሉኛል» አለኝ።

«ይበሉህ!» አልኩት። «አንተ ንጹሕ እንድትባል የሰው ጉሮሮ ይዘጋ? ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ ሸሚዙን ይዤ እወጣለሁ።»

ቅዳሜ ሁሉም ሲሰበሰብ እናገራለሁ አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው አይለወጥም መቼም፣ እስከዚያ ሸሚዙን እጠቢልኝ አለኝ። አላጥብም አልኩት። አልተኩስምም። ከነጠብታው ከነጭምድዱ እላዩ ላይ ወረወርኩለት።

ቅዳሜ ጠዋት እሱን ለብሶ ወጣ። እኔም ይፈረጥጥ ይሆናል ብዬ ከኋላው ተከተልኩት፤ ያን ያህል ነበር የማምነው። ወደቡ ላይ ያዩት ሁሉ ሙሽራው ዛሬ ምን ነካው እያሉ ሳቁ። ሊቀመንበሩ፣ ባለጀልባዋና ጋሽ ፊሽካ የትኬት መቁረጫው ክፍል በር ላይ ቆመዋል። ሽማግሌው ካፖርታቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘዋል። ባሌ ኪሱን ከፈተና ፊውዙን አወጣ።

«ጋሼ አልተኙም» አለ። «የፓምፑ ፊውዝ እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ጀልባዋን ያሰጠምኳት እኔ ነኝ። ማክሰኞ አውቄ ዝም አልኩ።»

የሚስቅ ጠፋ። ባለጀልባዋ ዘላ ኮሌታውን ያዘችና የልቧን ሁሉ ተናገረችው፣ አንዱም ውሸት አልነበረበትም። እሱም ኮሌታውን ሳያስለቅቅ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈትቶ እንደሚሠራላት ቃል ገባ። ቃሉን ጠብቋል፤ አንድ ወር ሙሉ ሌላ ሥራ ሳይነካ ሠርቶ አስረከባት።

ሊቀመንበሩ አፍሮ ፊሽካውን ከኪሱ አወጣ። ጋሽ ፊሽካ ተቀብለው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ቀስ ብለው አንገታቸው ላይ አጠለቁት። ባሌ ቀረብ ብሎ ይቅርታ ያድርጉልኝ አላቸው። የሚሰድቡት መስሎኝ ነበር፤ ቢሰድቡት ደስ ይለኝ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ፊውዙን ይስጡኝ» አሉት። «ከእንግዲህ ሲነቅሉ እኔ ጋ ያስቀምጡ፤ ሥራዎን ሲጨርሱ ከእኔ ይወስዳሉ።»

ባሌ ኮሌታው ሲያዝ ያልገረጣውን ያን ጊዜ ገረጣ። አንተ ልጅ ይሉት የነበሩት ሰው እርስዎ አሉት።

እኔም ሰኞ ዳቦ ቤት ሄጄ ሚስታቸውን ከጀርባዋ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ እሷም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። ዞር አላለችም። አልፈረድኩባትም።

ይሄ ከሆነ ሁለት ዓመት ሆነው። ጠብታዋ በሳሙናም በበረኪናም አልለቀቀችም፣ ሸሚዙን ግን ይለብሰዋል። ዘይት ሊቀይር ፊውዝ በነቀለ ቁጥር ወደቡ ላይ ያለውን የጋሽ ፊሽካን ክፍል በር ያንኳኳል፤ ሌሊቱን ሲጠብቁ ያደሩት ሽማግሌ ከእንቅልፋቸው ተነስተው ይወጡለታል። «ጋሼ፣ እባክዎ አንተ ይበሉኝ» ይላቸዋል፤ ምሳ ሳደርስለት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። እሳቸው ፊቱን እንኳ አያዩትም። መዳፋቸውን ይዘረጉና «ይስጡኝ» ይሉታል።