ዊኒፍሬድ በጓሮ በኩል ስታልፍ

የአሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ጠባቂ ማለት ዓለም ተጠቅማ የጣለችውን ብረት አንሥቶ፣ ዓለም እስክትጸጸት ድረስ ቅባት የሚቀባ ሰው ነው። ዕድሜው ከስድሳ አያንስም፤ ደመወዝ የለውም፤ በጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት በሳሙና አይለቅም፣ እርሱም እንዲለቅ አይሻም። ቅዳሜን የሚውለው ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ነው። በናፍጣ የሚሄድ ነገር ሁሉ ያጠራጥረዋል፤ በኤሌክትሪክ ስለሚሄደው ባይጠየቅ ይመርጣል። የሙታንን ትንሣኤ ይጠባበቃል፤ ትንሣኤውም አብዛኛውን ጊዜ በመለዋወጫ እጥረት ይዘገያል።

በዚህ ፍቺ ከተሄደ፣ ራልፍ ትዌድልን የሚስተካከል ጠባቂ በእንግሊዝ አገር በደርሃም አውራጃ አልነበረም።

በሄዝልሆፕ መንደር አንድ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱም አጠገብ ከሰሉን በምድጃ አግሎ ለብረት ማቅለጫ የሚሆን ኮክ የሚያወጣ ፋብሪካ ነበረ። የፋብሪካውን ፉርጎዎች የምትጎትተው ዊኒፍሬድ የተባለች፣ አጭርና ደንዳና፣ የውኃ ታንከሯን እንደ ኮርቻ በጀርባዋ የተሸከመች ሎኮሞቲቭ ነበረች። ስሙ የአንድ የጥንት ዳይሬክተር ሴት ልጅ ስም ነው፤ ልጅቷ በዚህ መከበሯን ወይም መቀየሟን የሚያውቅ የለም። ራልፍ ከወጣትነቱ ጀምሮ ምድጃዎቹ እስከ ቀዘቀዙበት ቀን ድረስ ነድቷታል። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ በፈንጂ ሲወድቅ መንደርተኛው ወጥቶ አጨበጨበ፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አንዱም ከአንዱ ጋር አልተነጋገረም። ምድጃዎቹ በነበሩበት ቦታ ዛሬ ዛፍ በቅሏል። ዊኒፍሬድ ግን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ልትሰጥ ስትል ራልፍና የሥራ ጓደኞቹ ማኅበር አቋቁመው ቀድመው ወሰዷት፤ ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ እርሱ ቧንቧዎቿን አንድ በአንድ ሲቀይር ኖረ።

ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። ማታ ማታ የምድጃው በር ሲከፈት ሰማዩ እንዴት እንደሚቀላ፣ ሕፃናት አልጋቸው ላይ ሆነው በዚያ ብርሃን ሥዕላዊ መጽሔት እንዴት ያነቡ እንደነበር ይናገራል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለውን የፋብሪካውን ሽታ እንኳ ሌላው ስለ ጽጌረዳ በሚያወራበት ቃና ነው የሚያነሣው።

ጥላሸትን በተመለከተ አቋሙ የጸና ነበር።

«ጥላሸት ማንንም ገድሎ አያውቅም» ይላል።

«ልክ ነው፤ ማንንም አልገደለም» ትለዋለች ሚስቱ ኢኒድ፣ ከመርፌ ሥራዋ ቀና ሳትል። «ሰኞን ግን ገድሏል።»

ሰኞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነበር። ሐዲዱ የሚያልፈው ከሠራተኞቹ ተርታ ቤቶች ጓሮ ሥር ስለሆነ፣ ነጂው ከኩርባው ሳይወጣ ሦስት አጭር ፉጨት ያሰማል። ሴቶቹም ከየማእድ ቤታቸው እየተሯሯጡ ወጥተው፣ ገመድ ላይ የተሰጣውን ሁሉ አንሥተው፣ ዊኒፍሬድ ጢሷን ይዛ እስክታልፍ አቅፈውት ይቆማሉ፤ ካለፈች በኋላ መልሰው ይሰቅላሉ። በራልፍ ትዝታ ውስጥ ግን፣ ዓመታት እየነጎዱ ሲሄዱ፣ ሩጫው ተረስቶ የቀረው ነጭ በነጭ ታቅፈው የቆሙት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ለንግሥት እንኳ እንዲህ ተወጥቶ አይታወቅም ይላል።

በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት ዊኒፍሬድ የቦይለር ምርመራዋን አለፈች። ችግሩ የምትሄድበት ነበር። የተረፈው ሐዲድ ያው በተርታ ቤቶቹ ጓሮ ሥር ያለው ብቻ ነው፤ ቤቶቹም አሁን፣ በጫፍ ካለው ከነራልፍ ቤት በቀር፣ ፋብሪካውን በፎቶግራፍ እንኳ ያላዩ ሰዎች መኖሪያ ሆነዋል። ሰዎቹ ተሰብስበው አንድ ነገር ፈቀዱ፦ ቅዳሜ ዕለት ሙከራ ይደረግ፤ ቅሬታ ካልቀረበ በበጋው እሁድ እሁድ ትሂድ። ቅሬታ ከቀረበ ግን ዊኒፍሬድ ወደ ከተማው ሙዚየም ትሄዳለች፤ እዚያም በመስታወት አዳራሽ ውስጥ እሳት ሳይነካት ለዘለዓለም ትቆማለች። ሙዚየሙ በሩን ለክቶ ጨርሷል። ራልፍ ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፉ ሸሽቶ ነበር።

ቅሬታ እንድትቀበል የተመረጠችው ጄማ የምትባል ነርስ ናት።

«ሚስተር ትዌድል፣ ጢሱ ብዙ ነው እንዴ?» ብላ በስብሰባው ላይ ጠየቀችው።

«ምን ጢስ አለ ብለሽ ነው የኔ ልጅ። እንደ ጠዋት ጉም ነው።»

«ጥቁር ጉም» አለች ኢኒድ ከኋላ ወንበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ራልፍ የእንፋሎቱን መክፈቻ ያዘ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ አስተማሪ ክላይቭ ሳወርቢ፣ አካፋውን ያዘ። ክላይቭ ስለ ነፋስ አቅጣጫ ለብዙ ትውልድ ያስተማረ ሰው ሲሆን፣ ነፋሱ በቀጥታ ወደ ቤቶቹ እንደሚነፍስ ግን አላስተዋለም፤ ስለዚህ ከኩርባው ጥቂት ቀደም ብሎ ከሰሉን አብዝቶ ጨመረ። ራልፍ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ ሲያይ፣ በጄማ ጓሮ አንሶላና የነርስ ልብስ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል።

ባቡሯን አዘግይቶ ሦስት አጭር ፉጨት ነፋ።

ጄማ የሻይ ኩባያዋን እንደያዘች ብቅ አለችና እጇን አውለበለበች። ደግሞ ነፋ። ጎረቤቶቿም ወጥተው አውለበለቡ፤ አንዱ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጽ ጀመር።

«ወደዱን እኮ» አለ ክላይቭ።

«ልብሱን አላነሡም።»

«ለምን ያነሣሉ?»

«ሦስት ጊዜ ነፋሁ እኮ!»

«ራልፍ፣ የዚያን ትርጉም የሚያውቁት ሴቶች ከኢኒድ በቀር መቃብር ወርደዋል።»

በተርታው ጫፍ ያለው የኢኒድ ገመድ ከማለዳው ጀምሮ ባዶ ነበር።

ራልፍ ፍሬኑን ያዘ። ዊኒፍሬድ እንፋሎት እየተነፈሰች ቆመች፤ ጥቁሩም ጢስ ከጭስ ማውጫዋ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ወደ ቤቶቹ ጎንበስ ማለት ጀመረ። በዚያች ጓሮ ሥር ዳግም እየነዳት ማለፍን ፀጉሩ ከመሸበቱ በፊት ጀምሮ ሲመኝ ኖሯል። አንሶላዎቹን አየ። ሙዚየሙን አሰበ።

«አንተ ንዳት» አለ። «እጄን ሳነሣልህ ቀስ ብለህ አምጣት።»

«እኔ? ኧረ ራልፍ—»

ራልፍ ወርዶ ነበር። በአጥሩ ክፍተት ሾልኮ ጓሮው ውስጥ ገባ።

«ልብስሽን አንሺ።»

«ምነው፣ ምን ሆነ?»

«ልታልፍ ነው። ፉጨቱ ለዚያ ነው።»

«እኔ ሰላምታ መስሎኝ» አለች ጄማ፣ ኩባያዋን መሬት እያስቀመጠች።

ራልፍ አንሶላውን ጨምድዶ ሳበ፤ ገመዱ እንደ ቀስት ተለጠጠ እንጂ አንሶላው አልወረደም። የዊኒፍሬድን ብሎን በጨለማ የሚፈቱት ጣቶች በልብስ መቆንጠጫ ላይ ተደናበሩ። ኢኒድ በጓሮው በር ገባች።

«ጫፉን ተጫነው እንጂ አትጎትተው» አለች። «ስንት ሰኞ አልፎ አሁን ነው የመጣኸው?»

ሦስቱም ተጋግዘው ገመዱን አራቆቱት። ራልፍ በደረቱ ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ታቅፎ፣ አንድ እጁን እንደምንም አወጣና አነሣው።

ዊኒፍሬድ መጣች። ክላይቭ ፊቱ አመድ መስሎ መክፈቻው ላይ ተጣብቋል። ራልፍ ዕድሜውን ሁሉ ዊኒፍሬድ በዚህ ስታልፍ አይቶ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ውስጧ ነበር። መንኮራኩሮቿ እንዲህ ትንንሽ መሆናቸውን፣ ስትሄድ እንደ ነፍሰ ጡር ሴት ወዲህና ወዲያ እንደምትል አላወቀም ነበር። መሬቱ ከእግሩ በታች ተርገፈገፈ። ቀዩ ሰማይ፣ ምድጃዎቹ፣ የሞቱት ጓደኞቹ ሁሉ በዚያች አጥር በኩል ያለፉ መሰለው።

«ታምራለች» አለች ጄማ። ወደ ጎረቤቶቿ ዞር አለች፤ እነርሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሁድ እሁድ ብቻ ከሆነች እኛ ቅዳሜ እናጥባለን። ማንም ቅሬታ የለውም ሚስተር ትዌድል።»

ራልፍ ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት፣ ከሰማይ የወረደች አንዲት የጥላሸት ቅንጣት በታቀፈው አንሶላ ላይ፣ ልክ አገጩ ሥር፣ አረፈች። እፍ አላት፤ አልሄደችም። በጣቱ ሊያነሣት ሞከረ፤ ተለቅልቃ እንደ ጅራት ተጎተተች።

«ምን ዓይነት ጥንብ ናት ይቺ?» አለ ራልፍ ትዌድል። «ሰው ልብስ ባጠበበት ቀን!»

ኢኒድ የታቀፈችውን አንሶላ በእርጋታ አጠፈች።

«ጄማ፣ የኔ ልጅ» አለች፣ «ቅሬታ የምትቀበዪው አንቺ አይደለሽ?»